ከአየር ወርዶ አፈር ላይ ያረፈን ብክለት በማስ ስፔክትሮሜትር መለየት፦ ከሜዳ እስከ መጨረሻው ቁጥር

የአፈር ናሙና በማስ ስፔክትሮሜትር (ኬሚካሎችን በክብደታቸው በሚለይ ማሽን) አስመርምረው ውጤቱ አልጨበጥ የሚላቸው ብዙ ናቸው። አንዱ አፈር በሌለበት ባዶ ናሙና ውስጥ ናፍታሊን የሚባል ብክለት ያገኛል። ሌላው ከአንድ ቦታ የወሰዳቸው ሁለት ናሙናዎች በእጥፍ ይለያዩበታል። ሌላው ደግሞ የሚያምር ቁጥር ይዞ «ከአየር የመጣ ነው» ይላል፤ በምን አወቅህ ሲባል ግን መልስ የለውም።

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ማሽኑ ምን እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ከየት እንደመጣ አይናገርም። ያንን የሚመልሰው የናሙና አወሳሰዳችሁ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሜዳው ላይ ይንዛዛል፤ ሳይሰለቻችሁ አንብቡት።

## መጀመሪያ፦ የምትፈልጉትን ኬሚካል ወስኑ

«የአየር ብክለትን ለካልኝ» ተብሎ ለማሽን አይታዘዝም። እያንዳንዱ የኬሚካል ቤተሰብ የራሱ መንገድ አለው።

- እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉ ብረቶች በአሲድ ሟሙተው አይሲፒ-ኤምኤስ በሚባለው የማስ ስፔክትሮሜትር ዓይነት ይለካሉ።
- ፒኤፍኤኤስ የሚባሉት የፍሎሪን ውህዶች ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ (ድብልቁን በፈሳሽ ለያይቶ ወደ ማሽኑ የሚያስገባ ዘዴ፣ ኤልሲ-ኤምኤስ/ኤምኤስ) ይፈልጋሉ። እነሱን ስትፈልጉ ቴፍሎን ያለበት ዕቃ አይነካም፤ ዕቃው ራሱ ናሙናውን ሊበክል ይችላል።
- ዳዮክሲኖች መጠናቸው እጅግ ትንሽ ነው። ከፍተኛ ሪዞሉሽን ያለው መሣሪያ ወይም ባለሦስት ኳድሩፖል (ክብደትን ሁለቴ የሚያጣራ) ማሽን ያስፈልጋል።
- እንደ ቶሉይን ያሉ በቀላሉ የሚተኑትን ገጽ አፈር ላይ አትፈልጓቸው። አይቆዩም።
- ከእሳት፣ ከሞተር ጭስና ከድንጋይ ከሰል የሚወጡት ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች በጋዝ ክሮማቶግራፊ-ማስ ስፔክትሮሜትር (ጂሲ-ኤምኤስ) ይለካሉ።

እዚህ የምንሄደው በመጨረሻዎቹ ነው። ከዚህ በኋላ ፒኤኤች እንበላቸው። ከጥላሸት ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ይወርዳሉ። በአፈሩ ብስባሽ ላይ ይይዛሉ፤ ውኃም በቀላሉ ወደ ታች አያሰርጋቸውም። ከአየር የወረደን ነገር ገጽ ላይ ለማግኘት ከእነሱ የተሻለ መማሪያ የለም። በተለምዶ የሚለኩት 16 ናቸው፤ ከናፍታሊን እስከ ቤንዞ[ጂኤችአይ]ፔሪሊን።

## ደረጃ 1፦ ቦታውን በወረቀት ላይ ምረጡ

ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት ካርታ ይዛችሁ ተቀመጡ። ውጤቱ «ከአየር ነው» እንዲል ከፈለጋችሁ ሁለት ንጽጽሮች ያስፈልጋሉ፦ ላይኛው ከታችኛው፣ ቅርቡ ከሩቁ።

1. ያልታረሰ መሬት ፈልጉ። ማረሻ ላዩንና ታቹን ያደባልቃል። ከታረሰ በኋላ የጥልቀት ልዩነት መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። የቆየ የሣር መስክ ጥሩ ነው።
2. ሜዳማ ይሁን። ተዳፋት ላይ ጎርፍ ጥላሸቱን አንሥቶ ሌላ ቦታ ያከማቸዋል።
3. ከሌላ ምንጭ ራቁ። ከአስፋልት ዳር፣ ከጣሪያ ጠብታ፣ አመድ ከሚደፋበት፣ ዘይት ከሚፈስበት። አንዲት የአስፋልት ፍርፋሪ ናሙናው ውስጥ ከገባች ሥራችሁን ሁሉ ታበላሻለች።
4. የዛፍን ነገር ወስኑ። ቅጠል ከአየር ብክለት ይይዛል፤ ሲረግፍ ይዞት ይወርዳል። ወይ ሁሉም ነጥቦች ከዛፍ ሥር ይሁኑ፣ ወይ ሁሉም ከዛፍ ውጪ። መቀላቀል የለም።
5. በነፋሱ አቅጣጫ ተሰለፉ። ከምንጩ ነፋሱ ወደሚሄድበት 50፣ 100፣ 200፣ 500 እና 1000 ሜትር ላይ ነጥብ አድርጉ። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ደግሞ ቢያንስ ሁለት። የምትጠቀሙት የነፋስ መረጃ የዓመቱ ይሁን። የዚያን ቀን የነፈሰው ነፋስ ለዓመታት የተከማቸን ነገር አይገልጽም።
6. በእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጥልቀት ያዙ። ከ0 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ እና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር።

መሬቱ ሁሉ የታረሰ ቢሆንስ? የጥልቀቱን ንጽጽር ተዉት። ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሰዱና በርቀት ንጽጽር ብቻ ሂዱ። ይህንንም በሪፖርቱ በግልጽ ጻፉ። ማስረጃችሁ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው።

## ደረጃ 2፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ከቴፍሎን በስተቀር ናሙናውን የሚነካ ፕላስቲክ አይኑር። ከፕላስቲክ የሚወጡት ፕታሌቶች ማሽኑ ላይ በአዮን (ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት) ክብደት 149 ትልቅ ፒክ (የግራፍ ጉብታ) ይሰጣሉ።

- ቡናማ የመስታወት ብልቃጥ፣ ክዳኑ ውስጥ ቴፍሎን ወይም የታጠበ ፎይል ያለው። ቡናማ የሆነው ብርሃን ፒኤኤችን ስለሚያፈርስ ነው።
- የማይዝግ ብረት ማንኪያና ጎድጓዳ ሳህን።
- 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ፍሬም፣ ማስመሪያ፣ አካፋ።
- የበረዶ ሳጥን፣ ናይትራይል ጓንት።

ዕቃውን በሳሙና፣ በሙቅ ውኃ፣ በተጣራ ውኃ፣ በአሴቶን፣ በመጨረሻም በሄክሴን እጠቡ። ተራ የመስታወት ዕቃ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ4 ሰዓት ቢጋገር ይመረጣል። መጠን የሚለካባቸውን መስታወቶች ግን አትጋግሩ፤ ልኬታቸው ይዛባል። ውኃ ለማድረቅ የምትጠቀሙበትን ሶዲየም ሰልፌትም በዚያው ሙቀት ለ4 ሰዓት ጋግሩት። ብዙ ሰው ይህንን ይዘላል፤ ከዚያ ባዶ ናሙናው ለምን እንደቆሸሸ ሲያስስ ይከርማል።

## ደረጃ 3፦ ሜዳ ላይ

መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ሞተሩንም አጥፉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ናሙና አይንካ። የሲጋራ ጭስ ራሱ ፒኤኤች ነው።

1. ንጹሕ ይሆናል ብላችሁ ከምታስቡት ነጥብ ጀምሩ። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ማለት ነው። የቆሸሸውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።
2. 10 በ10 ሜትር የሆነ ካሬ አስምሩ። ከአራቱ ማዕዘንና ከመሐል ናሙና ትወስዳላችሁ።
3. ልል የሆነውን ቅጠልና ጭራሮ በእጅ አንሡ። አፈሩን አትጫሩ።
4. ፍሬሙን አስቀምጡ። በማንኪያ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ አውጡ። በማስመሪያ ለኩ፤ በዓይን አትገምቱ።
5. የአምስቱን አፈር በብረት ሳህን ቀላቅሉ። ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል። ከዚያ ላይ ብልቃጡን ሙሉ።
6. ለታችኛው ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሩ። የጉድጓዱን ግድግዳ በሌላ ንጹሕ ማንኪያ ላጡት። ከዚያ ከግድግዳው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ውሰዱ። ከላይ የረገፈ አፈር እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ትንሽ ከገባ ንጽጽሩ ይደበዝዛል።
7. ብልቃጡን በፎይል ጠቅልላችሁ በረዶ ላይ አድርጉ።

አራተኛው ላይ ለምን ይህን ያህል ድርቅ አልኩ? ብክለቱ በሙሉ የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። እናንተ 4 ሴንቲ ሜትር ከቆፈራችሁ ግማሹ ንጹሕ አፈር ነው። ቁጥሩም በግማሽ ወረደ። አንዱ ሰው 2፣ ሌላው 4 እየቆፈረ ቢሠሩ፣ ከምንጩ ስትርቁ የቀነሰ የመሰላችሁ ነገር የማንኪያ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገጹን ናሙና ሁሌም አንድ ሰው ይውሰድ።

ሁለት ተጨማሪ ብልቃጦች አትርሱ። አንደኛው የተጋገረ አሸዋ የያዘ የሜዳ ባዶ ናሙና ነው፤ ናሙና በምትወስዱበት ጊዜ ክፍት ይሁንና አብሮ ይመለስ። ሁለተኛው ድጋሚ ናሙና ነው፤ ከ10 ነጥብ በአንዱ ላይ ከመጀመሪያው እንደገና ውሰዱ።

ዝናብ ከመጣ አቁሙ። ጭቃ በ2 ሴንቲ ሜትር አይቆረጥም።

ናሙናውን በ4 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡና በ14 ቀን ውስጥ ፒኤኤቹን ከአፈሩ በአሟሚ ፈሳሽ (ሶልቨንት) ወደ ማውጣት ግቡ። ካልቻላችሁ በ−20 ዲግሪ አቀዝቅዙት። በዚያ ጊዜ ብልቃጡ እስከ አፉ የሞላ ከሆነ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 4፦ አፈሩን ለላብራቶሪ አዘጋጁ

በምድጃ አታድርቁት። ናፍታሊንና ሌሎቹ ቀላሎች ይተናሉ። ለብዙ ቀን በአየር ማድረቅም ያው ነው።

ድንጋይና ሥር ልቀሙ። በ2 ሚሊ ሜትር የብረት ወንፊት ንፉ። እርጥብ ሆኖ ወንፊቱን ከዘጋው በማንኪያ ጀርባ እየገፋችሁ አሳልፉት። ከዚያ ክምር አድርጉ፣ ለአራት ክፈሉ፣ ተቃራኒ ሁለቱን ያዙ፣ እንደገና ቀላቅሉና ክፈሉ። ጥላሸት በአፈር ውስጥ እኩል አይበተንም። ለዚህ ነው 1 ግራም ሳይሆን 10 ግራም የሚመዘነው። ከአንድ ብልቃጥ ሁለት የተለያየ ውጤት የሚመጣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ለብቻው 10 ግራም ያህል መዝናችሁ በ105 ዲግሪ አሳድሩት። ይህ የደረቅ ክብደቱን ለማወቅ ብቻ ነው። ይህን አፈር መልሳችሁ ለመለኪያ እንዳትጠቀሙበት።

## ደረጃ 5፦ ባለምልክት ስታንዳርድ ጨምሩ፣ ከዚያ አውጡ

ቅደም ተከተሉን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ ኬሚካል) ይቀድማል።

ባለምልክት የምንለው ሃይድሮጅኑ በዲዩቴሪየም (በከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት) የተተካውን ነው። ናፍታሊን-ዲ8፣ አሴናፍቲን-ዲ10፣ ፊናንትሪን-ዲ10፣ ክራይሲን-ዲ12 እና ፔሪሊን-ዲ12። እንዲህ ያለ ነገር አፈር ውስጥ የለም። ጠባዩ ግን ከእውነተኛው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በሥራው መሐል 30% ከጠፋ፣ ከእውነተኛውም 30% ያህል ጠፍቷል። ማሽኑ የሚያየው የሁለቱን ጥምርታ ስለሆነ ኪሳራው ይካካሳል። ከማውጣት በኋላ ከጨመራችሁት ግን ቀድሞ የጠፋውን አያውቅም።

1. 10 ግራም እርጥብ አፈር መዝኑ። እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ጻፉ።
2. የተጋገረ ሶዲየም ሰልፌት እየጨመራችሁ አሸዋ እስኪመስል ቀላቅሉ። ተጣብቆ ጓል ከሆነ ጨምሩ።
3. ወደ ሶክስሌቱ (የሚፈላ ሶልቨንት እያመላለሰ አፈሩን የሚያጥብ የመስታወት ዕቃ) ቲምብል፣ ማለትም ወደ አፈር መያዣው፣ አስገቡ። ቲምብሉ ቀድሞ በሶልቨንት የታጠበ ይሁን።
4. ከእያንዳንዱ ባለምልክት ስታንዳርድ 100 ናኖግራም በቀጥታ አፈሩ ላይ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።
5. 300 ሚሊ ሊትር ሄክሴንና አሴቶን፣ እኩል በእኩል፣ ጨምሩ። መፍያ ጠጠር አትርሱ።
6. ከ16 እስከ 24 ሰዓት አሠሩት። በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ መመላለስ አለበት። በፎይል ሸፍኑት።

በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ በሚያናውጥ መሣሪያ) ሦስት ጊዜ በአዲስ ሶልቨንት ማውጣትም ይቻላል። ፈጣን ነው። ግን ጥላሸት ውስጥ የተቀረቀረውን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ጊዜ ካለኝ ሶክስሌትን እመርጣለሁ።

አፈር የሌለበት አንድ ሶክስሌት አብሮ ይሂድ፤ የላብራቶሪው ባዶ ናሙና እሱ ነው። ስታንዳርድ የተጨመረበት ንጹሕ አሸዋም አንድ ይሁን። በእያንዳንዱ 20 ናሙና ሁለቱም ይደገሙ።

ሌሊት የማቀዝቀዣው ውኃ ቆሞ ሶልቨንቱ ከደረቀ ያንን ናሙና ጣሉት። ሶልቨንት ጨምሮ መቀጠል ቀልድ ነው። ከብልቃጡ አዲስ 10 ግራም መዝኑ።

ጥንቃቄ። ሄክሴን ነርቭ ይጎዳል፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። በሚቀጥለው ደረጃ የሚመጣው ዳይክሎሮሜቴን ናይትራይል ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ከፈሰሰባችሁ ወዲያው ጓንቱን ቀይሩ። ቤንዞ[ኤ]ፓይሪን ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የስታንዳርዱ ጠርሙስ ከፊዩም ሁድ (ትነት ከሚስበው የላብራቶሪ ሳጥን) ውጪ አይከፈትም።

## ደረጃ 6፦ አጠናክሩና አጽዱ

ኤክስትራክቱን (ከአፈሩ የወጣውን ፈሳሽ) በሮታሪ ኢቫፖሬተር (ሶልቨንትን በሚያተን መሣሪያ) ወደ 2 ሚሊ ሊትር አውርዱ። የውኃው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አይለፍ። እስኪደርቅ አትጠብቁ። ለአፍታ እንኳ ከደረቀ ናፍታሊኑ ሄዷል።

አሁን 10 ሚሊ ሊትር ሄክሴን ጨምራችሁ እንደገና አውርዱ። ድገሙት። ይህ አሴቶኑን ለማስወጣት ነው። አሴቶን ቀርቶ ወደ ሲሊካው (ቆሻሻውን ወደሚያጣራው ዱቄት) ከገባ ቆሻሻውንም ፒኤኤቹንም አንድ ላይ ጠርጎ ያወርዳቸዋል። «ሲሊካው አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ይህንን የዘለሉ ናቸው።

1. ሲሊካ ጄሉን በ130 ዲግሪ ለ16 ሰዓት አድርቁት።
2. 10 ግራሙን በሶልቨንት አርጥባችሁ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሙሉ። ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ሶዲየም ሰልፌት አድርጉ። ከዚህ በኋላ ቱቦው አይድረቅ።
3. ኤክስትራክቱን አፍስሱ።
4. በ25 ሚሊ ሊትር ፔንቴን እጠቡ። ዘይትና ሰም ይወጣል። ይህ አይፈለግም።
5. በ25 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴንና ፔንቴን፣ 2 እጅ ለ3 እጅ፣ እጠቡ። ፒኤኤች የሚወጣው አሁን ነው። ይህንን ያዙ።

መጠኖቹን በጭፍን አትመኑ። ሲሊካ እርጥበት ከሳበ ፒኤኤች ቀድሞ ይወጣል። ናሙና ከማስገባታችሁ በፊት ስታንዳርድ ብቻ አሳልፉና በየ5 ሚሊ ሊትሩ ለይታችሁ ለኩ። ናፍታሊን በፔንቴኑ ውስጥ ከታየ የፔንቴኑን መጠን ቀንሱ ወይም ሲሊካውን እንደገና አድርቁ።

ጥቂት ኢሶኦክቴን ጨምራችሁ በናይትሮጅን ወደ 1 ሚሊ ሊትር አውርዱ። ነፋሱ የፈሳሹን ገጽ ሰርጎድ ያድርገው እንጂ አያስፈናጥረው። መጨረሻ ላይ ቴርፊኒል-ዲ14 ጨምሩ። ይህ የሁለተኛው ዓይነት ስታንዳርድ ነው፤ ሥራው የመጀመሪያዎቹ ምን ያህል እንደተረፉ መንገር ነው።

## ደረጃ 7፦ መሣሪያው

መጀመሪያ አየር የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለመኖሩን እዩ። በክብደት 18፣ 28 እና 32 ላይ ያሉትን ተመልከቱ። 28 ከፍ ብሎ 32 ሩቡን ያህል ከሆነ አየር እየገባ ነው። ብዙ ጊዜ ኮለሙ (ኬሚካሎቹ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ) የሚታሰርበት ብሎን ነው የሚላላው። 18 ብቻ ከፍ ካለ ውኃ ነው፤ መሣሪያው በቅርቡ ተከፍቶ ከነበረ ታገሡት። ከዚያ የማስተካከያ ውህዱን ክብደቶች 69፣ 219 እና 502 ይዛችሁ ማሽኑን ቃኙት።

- ኮለም፦ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ሽፋኑ ውፍረት 0.25 ማይክሮ ሜትር፣ ሽፋኑ 5% ፊኒል።
- ሂሊየም፦ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር።
- ማስገቢያ፦ 280 ዲግሪ፣ ያለ ክፍፍል (ስፕሊትለስ)፣ 1 ማይክሮ ሊትር።
- ምድጃ፦ 60 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ፣ በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 320፣ እዚያ 10 ደቂቃ።
- ማስተላለፊያ መስመር፦ 300 ዲግሪ። የአዮን ምንጩም መሣሪያው ከፈቀደ ወደ 300 ይጠጋ። በ230 ዲግሪ የከባድ ፒኤኤቾች ፒክ ጭራ ያወጣል።

ጥቂት አዮኖችን ብቻ በመምረጥ (በሲም) ለኩ፦

- ናፍታሊን 128፣ አሴናፍቲሊን 152፣ አሴናፍቲን 154፣ ፍሉኦሪን 166
- ፊናንትሪንና አንትራሲን 178
- ፍሉኦራንቲንና ፓይሪን 202
- ቤንዝ[ኤ]አንትራሲንና ክራይሲን 228
- ቤንዞ ፍሉኦራንቲኖችና ቤንዞ[ኤ]ፓይሪን 252
- ኢንዴኖ ፓይሪንና ቤንዞ[ጂኤችአይ]ፔሪሊን 276፣ ዳይቤንዝ አንትራሲን 278
- ባለምልክቶቹ፦ 136፣ 164፣ 188፣ 240፣ 264፤ ቴርፊኒል 244

ካሊብሬሽኑ (ማሽኑ የሚመሳከርበት የስታንዳርድ መስመር) 5፣ 10፣ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይሁን። ባለምልክቶቹ በሁሉም ላይ 100። የመስመሩ ቀጥተኛነት 0.999 ሆነ ብላችሁ አትደሰቱ። ትልቁ ነጥብ ብቻውን መስመሩን ያቃናዋል። ታችኛውን ነጥብ በራሱ መስመር መልሳችሁ አስሉት። 5 መሆን ሲገባው 9 ካለ ዝቅተኛ ናሙናዎቻችሁ ሁሉ ስህተት ናቸው።

ተራው እንዲህ ይሁን፦ ንጹሕ ሶልቨንት፣ ካሊብሬሽን፣ ከሌላ ምንጭ የተገዛ ማረጋገጫ ስታንዳርድ፣ ባዶ ናሙና፣ የታችኛው ጥልቀት ናሙናዎች፣ ሩቆቹ፣ መጨረሻ ላይ ቅርቦቹ። በየ10 ናሙናው የ100ውን ስታንዳርድ መልሳችሁ አስገቡ። ከ20% በላይ ከራቀ አቁሙ። ከዚያ በፊት ያለፉትን ናሙናዎችም ድገሙ።

## ደረጃ 8፦ ፒኩን እመኑ ወይም ጣሉ

ሶፍትዌሩ ስም ስለለጠፈበት አትቀበሉት። እያንዳንዱን ፒክ እዩ።

ባለምልክቱ ከእውነተኛው በጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ይወጣል። ፒኩ ከራሱ ባለምልክት በፊት ከመጣ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን አዮንም እዩ። ፒኤኤች ብዙ አይሰባበርም፤ ስለዚህ ረዳት ምልክቱ ትንሽ ነው። ለ252፣ 250 እና 126 ይታያሉ፤ ለ202 ደግሞ 200 እና 101። ጥምርታቸው ከስታንዳርዱ ከ30% በላይ ከተለየ አትቀበሉ። ፒኩ ከጀርባው ጫጫታ 3 እጥፍ ካልበለጠ «አልተገኘም» ነው። በ3 እና በ10 እጥፍ መካከል ከሆነ አለ ይባላል፤ ቁጥር ግን አይሰጠውም።

ክብደታቸው አንድ የሆኑት ላይ ልብ በሉ። ፊናንትሪን ከአንትራሲን ይቀድማል። ፍሉኦራንቲን ከፓይሪን ይቀድማል። ትልቁ ወጥመድ 252 ነው። ቤንዞ[ኢ]ፓይሪን ልክ ከቤንዞ[ኤ]ፓይሪን በፊት ይወጣል። ብዙ ስታንዳርዶች ውስጥ እሱ ስለሌለ ሰው የመጀመሪያውን ፒክ ይዞ ይሮጣል። ዋነኛው ካንሰር አምጪ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ማውጣት ማለት ነው። ለብቻው ስታንዳርዱን አግኝታችሁ አንድ ጊዜ አስገቡት፤ ቦታውን እወቁ።

ቤንዞ[ቢ] እና ቤንዞ[ኬ]ፍሉኦራንቲን ካልተለያዩ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ያለውን ጉዞ በደቂቃ ወደ 4 ዲግሪ ቀንሱ። አሁንም ካልሆነ ድምራቸውን ጻፉ። ክራይሲን በዚህ ኮለም ላይ ከትራይፊኒሊን አይለይም፤ «ክራይሲን ከትራይፊኒሊን ጋር» ተብሎ ይጻፍ።

## የተረፈው ስታንዳርድ ምን ይላል?

ከ50 እስከ 120% ከተረፈ እቀበላለሁ። የላብራቶሪያችሁ ደንብ ከዚህ ጠበቅ ካለ እሱን ተከተሉ። ከዚህ ውጪ ከሆነ ምልክቱን እንደ ሐኪም አንብቡት፦

ናፍታሊን-ዲ8 ብቻ ዝቅ ካለ ስታጠናክሩ ደርቆባችኋል ወይም ናይትሮጅኑ በርትቷል።

ፔሪሊን-ዲ12 ብቻ ዝቅ ካለ ላይነሩ (ማስገቢያው ውስጥ ያለው የመስታወት ቱቦ) ቆሽሿል። ላይነርና ሴፕተም (መርፌው የሚያልፍበትን ክዳን) ቀይሩ፤ ከኮለሙ መግቢያ 20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። 276 እና 278 ጭራ ካወጡም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ የሆነ ቦታ ፈሷል፣ ወይም ኤክስትራክቱ በሙሉ ወደ ቫያሉ (ወደ ማሽኑ ትንሽ ብልቃጥ) አልገባም።

ሁሉም ከ120% ካለፉ ቴርፊኒሉን አሳንሳችሁ ጨምራችኋል። ናሙናውን አትወቅሱ።

ባዶ ናሙና ላይ ናፍታሊን ትንሽ መታየቱ የተለመደ ነው። የሶልቨንቱን አንድ ጠርሙስ ብቻውን አጠናክራችሁ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ባዶው ከናሙናው 10% ካለፈ ያ ቁጥር አይጻፍም። 207 እና 281 ከፍ እያሉ ከሄዱ ከኮለሙ ወይም ከሴፕተሙ የሚመጣ ሲሊኮን ነው።

## ደረጃ 9፦ ስሌቱ

ማሽኑ ለቤንዞ[ኤ]ፓይሪን 250 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሰጠ እንበል። የመጨረሻው መጠን 1 ሚሊ ሊትር ነው። አፈሩ 10 ግራም፣ ደረቅ ክፍሉ 85%።

250 × 1 ÷ (10 × 0.85) = 29.4 ናኖግራም በግራም። ይህ ከ29.4 ማይክሮግራም በኪሎ ግራም ደረቅ አፈር ጋር እኩል ነው።

ከአየር የወረደን ነገር በስፋት መግለጽም ጥሩ ነው። የደረቀው አፈር እፍጋት በሜትር ኪዩብ 1200 ኪሎ ከሆነ፣ በአንድ ካሬ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 24 ኪሎ አፈር አለ። 24 × 29.4 ወደ 706 ማይክሮግራም በካሬ ሜትር ይመጣል። እፍጋቱን ከመጽሐፍ አትውሰዱ፤ በፍሬማችሁ ያወጣችሁትን አፈር መዝናችሁ በደረቅ ክፍሉ አባዙት።

## ደረጃ 10፦ «ከአየር ነው» ለማለት

1. ላይኛውን ለታችኛው አካፍሉ። ያልታረሰ መሬት ላይ የላዩ በብዙ እጥፍ ከበለጠ ከላይ የመጣ ነው። እኩል ከሆኑ መሬቱ ተገልብጧል፣ አፈር ተደፍቶበታል፣ ወይም ምንጩ ከሥር ነው።
2. ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ከርቀት ጋር ይቀንስ እንደሆነ በግራፍ አውጡ። የሩቁ ከነፋስ መምጫው ወገን ጋር ሊቀራረብ ይገባል።
3. የብስባሹን መጠን እዩ። ብስባሽ የበዛበት አፈር ፒኤኤችን የበለጠ ይይዛል። በየነጥቡ ኦርጋኒክ ካርቦኑን አስለኩና ቁጥሩን ለእሱ አካፍላችሁ ግራፉን ድገሙት። ልዩነቱ ከጠፋ ያያችሁት የአፈር ልዩነት ነበር።
4. ፍሉኦራንቲንን ለፍሉኦራንቲንና ፓይሪን ድምር አካፍሉ። ከ0.4 በታች ወደ ያልተቃጠለ ነዳጅ ያዘነብላል። ከ0.4 እስከ 0.5 የተቃጠለ ፈሳሽ ነዳጅ፣ ከ0.5 በላይ ደግሞ እንጨት፣ ሣር ወይም ድንጋይ ከሰል።

አራተኛውን ብቻ ይዛችሁ አትደምድሙ። ድብልቅ ምንጭ ባለበት ጥምርታው መሐል ላይ ይወድቃል። አንትራሲንን የያዘው ጥምርታማ ከዚህም የባሰ ነው፤ አንትራሲን በብርሃን ከፊናንትሪን ቶሎ ይፈርሳል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የቆየ ጭስ ሌላ ምንጭ ይመስላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከተስማሙና አራተኛው ከተቃረነ፣ ከአየር መሆኑን ጻፉ፤ የምን ጭስ እንደሆነ ግን ክፍት ተዉት። የጥልቀቱና የርቀቱ ውጤት ከተቃረኑ ወደ ማሽኑ አትመለሱ። የሜዳ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ቦታው ላይ ሂዱና የተቆፈረ፣ የተደፋ ወይም የተቃጠለ ነገር ካለ ጠይቁ፤ ከዚያ ያንን ነጥብ ብቻ እንደገና ናሙና ውሰዱበት።